መንገዱን ካውንስሉ ያልተረከበው አዲስ ቤት፦ ልግዛ ወይስ ልተወው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ግንባታው ባላለቀ መንደር አዲስ ቤት መርጣችኋል፤ ጠበቃችሁ «መንገዱን ካውንስሉ አልተረከበውም» (የአካባቢው አስተዳደር መንገዱን የራሱ አድርጎ ሊጠግነው ገና አልተቀበለውም ማለት ነው) ብሎ ጽፎላችኋል፤ የሽያጭ ሠራተኛዋ ደግሞ «ሁሉም አዲስ ቤት እንዲህ ነው፣ በዓመት በሁለት ዓመት ይረከበዋል» ብላችኋለች። እኔ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ገዛሁ። መንገዱ የካውንስሉ የሆነው በ2022 ነው።

የሠራተኛዋ ንግግር ግማሹ እውነት ነው። ገንቢው የሠራው መንገድ ከመጀመሪያው ቀን የካውንስል አይሆንም። «ይረከበዋል» የሚለው ግን ማንንም የማያስር ቃል ነው። ልትጠይቂ የሚገባው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ ለመሆኑ ገንቢው መንገዱን ለማስረከብ ፈርሟል? የሚያስረው ውል በ1980 የአውራ ጎዳና ሕግ አንቀጽ 38 መሠረት ከካውንስሉ ጋር የሚፈረመው ነው። ከውሉ ጋር የዋስትና ገንዘብ ይያዛል፤ ገንቢው ቢከስር ወይም ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ካውንስሉ በዚያ ገንዘብ መንገዱን ማስጨረስ ይችላል። «እየተነጋገርንበት ነው» ከተባልሽ አልተፈረመም ማለት ነው። ጠበቃሽ ከካውንስሉ የሚያስመጣው የፍተሻ መልስም ውሉ መኖሩንና በዋስትና መደገፉን ለይቶ ይናገራል፤ ገጹን ራስሽ አንብቢው።

የእኛ መንገድ ውል ተፈርሞ ነበር፤ ለዚህም ነው ስድስት ዓመት ቢፈጅም መጨረሻው ያማረው። ስድስቱ ዓመት ግን እንዲሁ አላለፈም። ገንቢዎች የመጨረሻውን የአስፋልት ንጣፍ ከባድ መኪና እንዳያበላሸው ብለው እስከ ግንባታው ፍጻሜ ያቆዩታል። እስከዚያው የፍሳሽ ጉድጓዶቹ ክዳን ከመንገዱ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቅ ብሎ ይኖራል። ከደጃችን ፊት ለፊት የነበረው ክዳን የልጄን ብስክሌት ሁለት ጊዜ ገልብጦታል፤ የመኪናዬን ጎማም አንድ ጊዜ ቀዶታል። የቆሻሻ መኪና ስለማይገባ ሰኞ ማታ በርሜሉን እየጎተትን ዋናው መንገድ ድረስ እንወስድ ነበር። አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት የመንገድ መብራቱ ጠፍቶ ካውንስሉ «የእኛ አይደለም» ሲል ገንቢው ስልክ አያነሳም ነበር። የካውንስል ታክሱን ግን ሳንቲም አይቀንሱልሽም።

እናቴ ሊጠይቁን ከደብረ ብርሃን መጥተው መንገዱን አዩና «እኛ እንኳ አዋጥተን ኮብልስቶን አስነጥፈናል፣ እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉን። ስቄ ነበር። በኋላ ሳነብ የእንግሊዝም ሕግ ይህንኑ እንደሚፈቅድ አገኘሁ፦ ካውንስሉ የግል መንገድን ራሱ አስተካክሎ ወጪውን ቤታቸው መንገዱን ከሚያዋስን ሰዎች ሊጠይቅ ይችላል። ውሉና ዋስትናው የሌለ ዕለት የሚያስፈራው ይኸው ነው።

የእኛን ያዘገየው አስፋልቱ እንኳ አልነበረም። ከሥሩ ያለው የፍሳሽ መስመር ነበር። ካውንስሉ ከሥሩ ያለውን ቱቦ የውኃ ኩባንያው ሳይረከበው መንገዱን አልረከብም አለ። ካሜራ ሲገባ ቱቦው ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ ተገኘ። ይህን ለማስወገድ ብቻ ሁለት ዓመት ሄደ፤ ገንቢው በዚያን ጊዜ ሌላ ከተማ ሌላ መንደር ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ጠበቃሽ ስለ ፍሳሹም ይጠይቅ፤ እሱ በ1991 የውኃ ሕግ አንቀጽ 104 የሚፈረም የተለየ ውል ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። መንገዱ ርክክብ እየጠበቀ ሳይሆን ከነጭራሹ የማይሰጥ ሊሆን ይችላል። የጓደኛዬ ቤት እንዲህ ነው፦ ፍሪሆልድ ነው (ቤቱም መሬቱም የራሱ ነው)፣ ግን መንገዱን፣ ሣሩንና የልጆች መጫወቻውን የሚይዘው አስተዳዳሪ ድርጅት ነው። ሲገዛ ለድርጅቱ የሚከፍለው በዓመት 190 ፓውንድ ነበር፤ አሁን ከ300 በላይ ከፍሏል፤ ክፍያው ከዚህ አያልፍም የሚል ገደብ የለውም፤ ድርጅቱንም መቀየር አልቻሉም። ይህ የእሱ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ የብሪታኒያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በ2024 ባወጣው ሪፖርት አሥራ አንዱ ትልልቅ ገንቢዎች በ2021 እና በ2022 ከሸጧቸው አዲስ ቤቶች 80 በመቶው እንዲህ ያለ ክፍያ አለባቸው ብሏል።

ክፍያው «ሬንትቻርጅ» (ከቤቱ ጋር ተያይዞ ባለቤት የሆነ ሁሉ የሚከፍለው ግዴታ) ተብሎ በባለቤትነት ዝውውር ሰነዱ ላይ ከተጻፈ ቆም በይ። የ1925 የንብረት ሕግ አንቀጽ 121 ክፍያው 40 ቀን ከዘገየ ባለመብቱ ቤቱን እንዲይዝ ወይም በሊዝ እንዲያስተላልፍ መንገድ ይከፍታል። ትንሽ ዕዳ እንዲህ ያለ ነገር ሲያስከትል ማየት ያሳፍራል፣ ግን ሕጉ ይኸው ነው። ጠበቃሽ ይህ መብት በሰነዱ ላይ እንዲገለል ይጠይቅ፤ የቤት ብድሩን (ሞርጌጅ) የሚሰጠው ባንክም ብዙ ጊዜ ይህን ይፈልጋል።

ገንቢው የጠቆማችሁን ጠበቃ ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። መጥፎ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ ገንቢ ሥራ የሚያገኝ ሰው ገንቢውን አጥብቆ ሲጠይቅ ግን አላየሁም። «በ28 ቀን ካልፈረማችሁ ቤቱ ይሄዳል» የሚለውም አያስደንግጣችሁ፤ ሰነድ ያዘገየው ገንቢው ራሱ ከሆነ ጊዜ እንዲጨምር በጽሑፍ ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ሦስት ሳምንት አግኝተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሉ ቢፈረም እንኳ ከውሉ ጋር ያለውን ካርታ ሳታዪ አትፈርሚ። ካውንስሉ የሚረከበው መንገድ በቀለም ተለይቶ ይታያል። መጨረሻ ላይ ያሉ አራት አምስት ቤቶች የሚጋሩት ጠባብ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከቀለሙ ውጭ ነው፤ እሱ ለዘላለም የእናንተ ነው፣ ጥገናውም ጭምር። ጎረቤቴ ይህን ያወቀችው ገብታ ከኖረች በኋላ ነው። የእናንተ ቤት ጥግ ላይ ነው ብለሻል፤ ስለዚህ ካርታውን ዛሬውኑ ከጠበቃሽ አስመጪና ቀለሙ ደጃችሁ ድረስ ይደርስ እንደሆነ እዚሁ ጻፊልን።