መልስ፦ በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ ሳርፍ የመሣሪያ ሰሌዳው ማኮብኮቢያውን ለምን ይሸፍንብኛል?

ጥፋቱ የምታበረው የኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን ሞዴል አይመስለኝም፤ ካሜራህ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ የአብራሪው ዓይን ያለበት ቦታ፣ ዝቅ ብሏል። በእውነተኛው ኤርባስ፣ በሁለቱ የፊት መስታወቶች መካከል ባለው ምሰሶ ላይ ቀይና ነጭ ትንንሽ ኳሶች አሉ። ቀዩ ነጩን ሲጋርደው የአብራሪው ዓይን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ሞዴልህ ላይ ካሉ በእነሱ ለካ። በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ከፍታውን በላይና ታች ቀስቶች አስተካክል፤ ከዚያ ኮንትሮል፣ አልትና 1ን አንድ ላይ ተጭነህ አስቀምጠው። በኋላ አልትና 1 ይመልስልሃል።

ዙሙንም እየው። 27 ኢንች ስክሪን ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲታይ በአግድም የሚይዘው 53 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጌጆቹን (የመለኪያ መሣሪያዎቹን) ሁሉ ላሳይ ብለህ እይታውን ስታሰፋው ማኮብኮቢያው ያንሳል፣ የራቀም ይመስላል፤ አፍንጫ የምታነሳበት ቅጽበት የሚዛባው በዚህ ነው። ለማረፊያ ጠበብ ያለ ሌላ ካሜራ ይኑርህ።

በመስታወቶቹ መካከል ያለው ምሰሶ ወፍሮ ውጭውን ጋረደብኝ ያልከው ግን በቅንብር አይጠፋም። የሰው ሁለት ዓይኖች 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ አንዱ የተጋረደበትን ሌላው ያያል፤ ስክሪን ደግሞ ባለ አንድ ዓይን ነው። የጭንቅላት እንቅስቃሴ መከታተያ ካለህ ትንሽ ዘንበል ማለት ይበቃል።