ትንፋሽ ስቆጥር ለምን ያዞረኛል?

ጥያቄ፦ ዮጋ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። አስተማሪያችን መጨረሻ ላይ «አራት ቆጥራችሁ ሳቡ፣ አራት ቆጥራችሁ አስወጡ» ትለናለች። ሌላው ሰው ይረጋጋል። እኔን ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያዞረኛል፣ ጣቶቼም ደንዘዝ ይሉብኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? (አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። አሠራርሽን ግን ቀይሪ። ይህ ልምምድ በሳንስክሪት ሳማ ቭሪቲ ይባላል፤ «ሳማ» እኩል ማለት ነው። እኩል የሚሆነው ታዲያ ጊዜው እንጂ የአየሩ ብዛት አይደለም። ብዙ ሰው ቁጠር ሲባል ደረቱን ነፍቶ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ፣ ሳንባው እስኪሞላ ይስብና መልሶ ጨምቆ ያወጣዋል፤ ያንቺም ይሄ ይመስለኛል። እንዲህ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ከደም ይወጣል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። አየር አንሶሽ አይደለም። አንሶኛል ብለሽ አብዝተሽ ስትስቢ ጭራሽ ይብስብሻል።

ዛሬ ማታ ይህን ሞክሪ። በጀርባሽ ተንጋለዪ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ሱሪሽ ወገብሽን ከያዘሽ ቁልፉን ፍቺው። አንድ እጅሽን ደረትሽ ላይ፣ ሌላውን እምብርትሽ ላይ አድርጊ። መጀመሪያ ምንም አትቁጠሪ፤ የታችኛው እጅሽ ብቻ ከፍ ዝቅ እስኪል ዝም ብለሽ ጠብቂ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅም ይፍጅ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከዚያ በአፍንጫሽ ሦስት ቆጥረሽ ሳቢ፣ ሦስት ቆጥረሽ ልቀቂ። አጠገብሽ የተኛ ሰው እንኳ የማይሰማው ትንፋሽ ይሁን። ሰው ሲጨንቀው ቆጠራው ስለሚፈጥን የግድግዳ ሰዓቱን ቀጭ ቀጭ ብትከተዪ ይሻላል።

አራት ለምን ከበደሽ? በሰከንድ ከቆጠርሽ አራት ለአራት በደቂቃ ሰባት ተኩል ትንፋሽ ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። በአንዴ እዚያ ድረስ ውረድ የተባለ ሰውነት አየር ቢሻማ አይገርምም። ሦስት ለሦስት 10 ይሆናል፣ ይቀላል። አንድ ሁለት ሳምንት ከለመድሽው በኋላ ወደ አራት ሂጂ።

አንዳንድ አስተማሪዎች መሃል ላይ ትንፋሽ መያዝም ይጨምራሉ። እሱ ለጊዜው ይቅርብሽ፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብሽ ደግሞ ጨርሶ አትንኪው። ሳትቆጥሪም፣ ዝም ብለሽ ቁጭ ባልሽበት የሚያዞርሽ ከሆነ ሐኪም ይይሽ።

ለአስተማሪሽም ንገሪያት። ሌላው አራት ሲቆጥር አንቺ ሦስት ቁጠሪ፤ ማዞሩ ከመጣ ቁጥሩን ትተሽ እንደ ወትሮሽ ተንፍሺ።