ሁለት ሜትር በማይሞላ ቅያስ ውስጥ የውሃና የፍሳሽ መስመር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በአንዱ ነው። ቅያሳችን 60 ሜትር ያህል ርዝመትና 1 ሜትር ከ80 ስፋት ያለው ሲሆን በግራና በቀኝ 22 አባወራዎች ይኖሩበታል። ያረጀውን የውሃ ቧንቧ ለመቀየርና እስከ ዛሬ ያልነበረንን የፍሳሽ መስመር ለመዘርጋት ገንዘብ አዋጥተናል። ያነጋገርነው የቧንቧ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ቆፍረን ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስተኛቸው ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል ይለናል፤ አንዳንዶቻችን ግን ሰግተናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ መስጋታችሁ ተገቢ ነው። ሠራተኛው በውሃ ቧንቧ ውስጥ ግፊት ስላለ፣ ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ቆሻሻ ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ አስቦ ይሆናል። ቧንቧው ዘወትር ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይህ በአብዛኛው እውነት ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ግን መስመሩ ሲዘጋ በውስጡ የቀረው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቤት ይወርድና የላይኛው ክፍል ባዶ ሆኖ መሳብ ይጀምራል፤ በዚያች ሰዓት የላላ መጋጠሚያ ካለ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ሁሉ ይጎትታል። አጠገቡ የሚያንጠባጥብ የፍሳሽ ቧንቧ ካለ ምን እንደሚጎትት መገመት አያዳግትም።

በአሜሪካ የተለመደው ደንብ ሁለቱ መስመሮች በአግድም 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል፣ እንዲራራቁ ይጠይቃል። የእናንተ ቅያስ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይህን አያህልም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚፈቀደው አማራጭ ርቀቱን በከፍታ መፈለግ ነው፦ ፍሳሹ ከታች ይተኛል፤ ውሃው ደግሞ በጉድጓዱ ጎን እንደ ደረጃ ተደርጎ በተተወ ያልተነካ አፈር ላይ፣ ከፍሳሹ ቧንቧ አናት ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሠራተኛችሁ አንድ ጊዜ መቆፈር ይበቃል ማለቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በአንድ ወለል ላይ ጎን ለጎን እናስተኛቸው ማለቱ ነው።

ከዚህ የበለጠ የምንሰጋው ግን ስለ ተዳፋቱ ምንም አለመጠየቃችሁን አይተን ነው። ፍሳሽ የሚሄደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ ደረቁን ቆሻሻ ይዞ ለመውረድ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልገዋል። ለ150 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይህን በቂ አድርጎ ይሰጣል። በ60 ሜትር ቅያስ 60 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ከላይኛው ቤት በ70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብትጀምሩ፣ መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ መጨረሻው 1 ሜትር ከ30 ይሆናል። በመሆኑም አንድ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ልትቀላቀሉበት ያሰባችሁት የዋናው መስመር ማንሆል ወለል ስንት ሜትር ዝቅ እንደሚል ይለካ፤ ማንሆሉ ከቧንቧችሁ ከፍ ካለ የተዋጣው ገንዘብ ሁሉ አፈር ውስጥ ይቀራል። ቧንቧውም የሚነጠፈው ከታች ወደ ላይ ነው። የመቀላቀሉን ፈቃድ በየአካባቢያችሁ ካለው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቁፋሮውን በክረምት አትጀምሩ። በጭቃ ቤት ግድግዳ ሥር፣ ከመሠረቱ ዝቅ ብሎ የተከፈተ ጉድጓድ አንድ ሌሊት ዝናብ ካገኘው ግድግዳውን ይዞ ሊወርድ ይችላል። በበጋም ቢሆን ጥቂት ሜትር ብቻ ክፈቱ፣ ቧንቧውን አስተኙ፣ መጋጠሚያዎቹን በውሃ ሞልታችሁ ፈትሹ፣ ከዚያ በዚያው ቀን መልሳችሁ ጠቅጥቁት። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ቧንቧውን ስለሚያንቀሳቅሰው ከሥሩም ከላዩም አሸዋ አድርጉለት።

የጣሪያችሁን አሸንዳ ከዚህ መስመር ጋር ማንም እንዳያገናኝ ከወዲሁ ተፈራረሙ። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ቧንቧውን ሲሞላው ፍሳሹ የሚገነፍለው ባጠፋው ሰው ቤት ሳይሆን ከሁሉም በታች ባለው ጎረቤት ሽንት ቤት ነው።

ነዋሪዎች የቅያሳቸውን መስመር ራሳቸው ማሠራታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በፓኪስታን፣ በካራቺ ከተማ ኦራንጊ በተባለው ሰፈር ከ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ እያንዳንዱ መንገድ ገንዘብ እያዋጣ የራሱን የፍሳሽ መስመር ዘርግቷል፤ ዋናውን መስመር መሥራት ግን የመንግሥት ድርሻ ሆኖ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ወጪ ለመቀነስ ማንሆሎቹን ብንተዋቸውስ?

መልስ፦ አትተዉአቸው፤ አሳንሷቸው እንጂ። መስመሩ በሚታጠፍበት፣ ተዳፋቱ በሚለወጥበትና ከላይኛው ጫፍ በቡሎኬት የተሠራ፣ ክዳን ያለው ትንሽ መፈተሻ ሳጥን ይበቃችኋል፤ መስመሩ ሲዘጋ ዘንግ የምታስገቡት በእርሱ ነው። ጥልቅ ወደሆነው የዋናው መስመር ማንሆል ግን ከእናንተ ማንም ሰው እንዳይገባ፤ በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ሊያድነው የገባውንም እንደዚያው።