ተራራ ለምትወጡ፣ ባሕር ለምትጠልቁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ?

የነርቭ ሐኪም ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አንጎልና ህብለ ሰረሰር ሳክም ነው። ይህን የምጽፈው ተራራ መውጣት ለሚያምራችሁ፣ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ለጀመራችሁና አብራሪ ለመሆን ለምትማሩ ነው። ተዉ፣ ይቅርባችሁ ልላችሁ አይደለም። ሂዱ፣ እዩ። በዚህ ዕድሜ ያላያችሁትን መቼ ልታዩት ነው? ብቻ አንድ ነገር ሳትይዙ አትሂዱ። ከፍታም ሆነ ጥልቀት ቀድሞ የሚያደክመው አደጋን የምትመዝኑበትን አንጎል ነው። እዚያ ስትደርሱ «ደህና ነኝ» የሚለውን ስሜታችሁን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

መጀመሪያ ስለ ግፊት። በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት አንድ አትሞስፌር ይባላል። ወደ ላይ ስትወጡ 5500 ሜትር ገደማ ላይ በግማሽ ይቀንሳል። ኤቨረስት አናት ላይ፣ 8849 ሜትር ላይ ማለት ነው፣ ሲሶው ብቻ ይቀራል። በውሃ ውስጥ ደግሞ ለውጡ በጣም ፈጣን ነው። በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ይጨመራል። 30 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ አራት እጥፍ ግፊት ያለው አየር ይተነፍሳል።

ብዙ ሰው «ተራራ ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። አለ። ድርሻው እዚያም እዚህም 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚጎድለው ኦክስጅኑን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ኃይል ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። እጥረት ሲመጣ ቀድሞ የሚቸገረው እሱ ነው።

ይህን ከማንም በላይ ያሳየን ጋስቶን ቲሳንዲዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1875 ከሁለት ጓደኞቹ፣ ከክሮሴ-ስፒኔሊና ከሲቬል ጋር ዜኒት በተባለች ፊኛ ተነሳ። ኦክስጅን ይዘው ነበር። ፖል ቤር የተባለው ሳይንቲስት «የያዛችሁት አይበቃችሁም» ብሎ ጽፎላቸው ነበር፤ ደብዳቤው ግን ዘግይቶ ደረሰ። ከ8000 ሜትር በላይ ወጡ። ቲሳንዲዬ የኦክስጅኑን ቱቦ ሊይዝ ፈለገ፣ እጁ አልታዘዝ አለው። 8000 ሜትር መድረሳቸውን ጮኾ ሊናገር ሞከረ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ ሲነቃ ሁለቱ ጓደኞቹ ሞተው አገኛቸው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ሞታቸው ብቻ አይደለም። ቲሳንዲዬ በኋላ እንደጻፈው፣ ያን ሰዓት ምንም ሥቃይ አልተሰማውም። እንዲያውም ውስጡን ደስታ ሞልቶት ነበር። እየሞተ ያለ አንጎል «ደስ ብሎኛል» ይላል ማለት ነው። ይህን እስኪገባችሁ ድረስ ደጋግማችሁ አንብቡት።

አብራሪዎች ሲሠለጥኑ ግፊቱ ወደሚቀነስበት ክፍል ይገባሉ። ጭምብላቸውን ያወልቁና እስክሪብቶና ወረቀት ይሰጣቸዋል። ከ100 ጀምራችሁ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ጻፉ ይባላሉ። 93፣ 86፣ 79 እያሉ ይጀምራሉ። ትንሽ ቆይቶ ጽሑፉ ከመስመር መውጣት ይጀምራል። አንዱ ያንኑ ቁጥር ሦስቴ ይጽፋል። ሌላው እስክሪብቶውን ይዞ ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ጥፍራቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል። «እንዴት ነው?» ሲባሉ ፈገግ ብለው አውራ ጣታቸውን ያነሳሉ። ጭምብሉ ሲመለስላቸው ወዲያው ይነቃሉ። ወረቀቱን ሲያዩ ግን የእኔ ጽሑፍ ነው ብለው ለማመን ይቸገራሉ። ለአብራሪነት የምትማሩ ይህ ሥልጠና ሲደርሳችሁ በደንብ ተከታተሉት። የእናንተ የራሳችሁ ምልክት ምን እንደሆነ የምታውቁት እዚያ ነው። አንዱን ይሞቀዋል፣ ሌላውን ጣቱን ይወረዋል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ይስቃል።

10,700 ሜትር ገደማ ላይ የካቢን ግፊት በድንገት ቢጠፋ፣ ሰው በቅጡ ማሰብ የሚችለው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ነው። አውሮፕላን ውስጥ «መጀመሪያ የራሳችሁን ጭምብል አድርጉ» የሚባለው ለዚህ ነው። ግፊቱ ቀስ ብሎ ሲሄድ ደግሞ የባሰ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሄሊዮስ አየር መንገድ በረራ 522 የግፊት መቆጣጠሪያው በእጅ በሚሠራበት ቦታ ላይ እንደተተወ ተነሳ። ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አብራሪዎቹ ግን የሌላ ችግር ምልክት መሰላቸው። አውሮፕላኑ ግሪክ ውስጥ ተከስክሶ 121 ሰዎች አለቁ።

ተራራ ላይ ነገሩ ዝግ ብሎ ይመጣል። ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ጋር ሆናችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ። የሚያስፈራው የአንጎል እብጠት ነው። ምልክቱ ግራ መጋባትና መንገዳገድ ነው። ጓደኛችሁ ከጠረጠራችሁት ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ አድርጉት። ከተወላገደ ክርክር የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ኦክስጅንና እብጠት የሚቀንሰው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ጊዜ ይገዛሉ፣ የሚያድነው ግን መውረዱ ነው። ብቻውንም አትስደዱት።

ከ3000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። በየሦስት በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፉ። ስፖርተኛ ነኝ፣ እኔን አይመለከተኝም የምትሉ፣ እናንተን ነው በተለይ የምለምነው። ጠንካራ ልብና እግር ከከፍታ በሽታ አይከላከልም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ይታመማል። ፍራንክ ስማይዝ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1933 ኤቨረስት ላይ ብቻውን ሲወጣ ሰው አብሮት ያለ መስሎት፣ የሚበላውን ቆርሶ «እንካ» ብሎ ዘወር አለ። ማንም አልነበረም። ስማይዝ በጊዜው ከነበሩት ብርቱ ተራራ ወጪዎች አንዱ ነው።

ወደ ባሕር እንግባ። እዚህ ችግሩ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። ናይትሮጅን ከላይ ሆነን ስንተነፍሰው ምንም አያደርገንም። ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ ግን ያሰክራል። አልበርት ቤንኪ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 ነው ጥፋቱን ናይትሮጅን ላይ ያደረገው። ጠላቂው የአየር መለኪያውን ጌጅ ያያል፣ ቁጥሩንም ያነባል፤ ቁጥሩ «አየር እያለቀብህ ነው» እንደሚለው ግን አይገባውም። ደስ ይለዋል፣ ይተማመናል። ደግነቱ ጥቂት ሜትር ከፍ ሲል ይለቀዋል። በጣም ጠልቀው የሚሠሩት በናይትሮጅን ፋንታ ሂሊየም ይተነፍሳሉ። ከ150 ሜትር ገደማ በታች ደግሞ ግፊቱ ራሱ ነርቭን ይረብሻል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ኦክስጅንም ሲበዛ መርዝ ነው። ይህን ያገኘው ያው ፖል ቤር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን እየተነፈሱ ከ6 ሜትር በታች መውረድ ድንገት ሊያንፈራግጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምንም ቅድመ ምልክት የለውም። ውሃ ውስጥ መንፈራገጥ ማለት መተንፈሻው ከአፍ ወጣ ማለት ነው። የጋዝ ድብልቅ ሳትማሩ የሰው ሲሊንደር ተውሳችሁ አትጥለቁ።

ነርቭን ቋሚ ጉዳት ላይ የሚጥለው ግን ከውሃው አወጣጣችሁ ነው። ስትጠልቁ ናይትሮጅኑ በደማችሁና በሰውነታችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ስትወጡ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። ናይትሮጅን ስብ ይወዳል፣ የነርቭ ሽፋንም ስብ ነው። ለዚህ ነው ህብለ ሰረሰር ክፉኛ የሚመታው። እግር ይደነዝዛል፣ ሽንት አልወጣ ይላል። የብሩክሊን ድልድይ መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በወንዙ ሥር በታመቀ አየር ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1872 ከአልጋ ዋለ። ድልድዩን የጨረሰው ሚስቱ ኤሚሊ ትእዛዙን እያደረሰችለት ነው። በደረጃ እየቆሙ መውጣት የሚለው ሥርዓት በሠንጠረዥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ጆን ስኮት ሃልዴን በፍየሎች ላይ ፈትኖ ያወጣው ነው። ዛሬ ስትጠልቁ በእጃችሁ ላይ የምታስሩት፣ አወጣጣችሁን የሚያሰላው ኮምፒዩተር የዚያ የልጅ ልጅ ነው፣ አትናቁት።

አደራ፣ ስትወጡ ትንፋሻችሁን አትያዙ። ከ10 ሜትር ወደ ላይ ስትመጡ በሳንባችሁ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል። መውጫ ካጣ ሳንባን ቀዶ ደም ውስጥ ይገባል፣ በደቂቃዎች ውስጥም አንጎል ይደርሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። ውሳኔያችሁን ታች ሳላችሁ፣ አንጎላችሁ ሙሉ በሆነበት ሰዓት ጨርሱት። ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመለሱ፣ ስንት ሜትር ላይ እንደምትቆሙ፣ ሲሊንደሩ ስንት ሲቀረው እንደምትወጡ ጻፉት። ከጓደኛችሁ ጋርም ተማማሉ። «እንመለስ» ያለው ማንም ይሁን ማን፣ ለምን ተብሎ ሳይጠየቅ ትመለሳላችሁ። ማብራሪያው ሲደርሱ ነው። በዚህ የሚኮራረፍ ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁ አትሂዱ። እኔ በዚህ ላይ ግትር ነኝ፣ ግትርነቴንም አልተውም።

ከጠለቃችሁ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን አትሳፈሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ማቆሚያ፣ ማለትም ስትወጡ በደረጃ መቆም ሳያስፈልጋችሁ፣ ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከሆነ 18 ሰዓት፣ ማቆሚያ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ቆዩ። የካቢን ግፊት እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። በሰውነታችሁ የቀረው ናይትሮጅን ያን ጊዜ አረፋ ይሆናል። ወደ ከፍተኛ ተራራ በመኪና መውጣትም ያው ነው።

የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር የሚመጡልን ታማሚዎች ዘግይተው መምጣታቸው ነው። «ጡንቻ ነው፣ ይለቀኛል» እያሉ ያድራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጆቼ። ከጠለቃችሁ በኋላ የደነዘዘ፣ የወረራችሁ ወይም የዞረባችሁ ነገር ካለ ወዲያው ንጹሕ ኦክስጅን ጀምሩ። በጀርባችሁ ተኙ፣ ግፊት ጨምሮ አረፋውን ወደሚያሳንሰው የሕክምና ክፍል የሚያደርሳችሁን ሰውም ጥሩ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ፣ ምን ጋዝ፣ ምልክቱስ በስንት ሰዓት ጀመረ ብሎ ይጠይቃችኋል። ጓደኛችሁ አብሯችሁ ይግባ፣ መልሱንም እሱ ይንገረው።