ኔኩ የሚደፍነው በፒክአፑ አይመስለኝም

ከቱሉ ዲምቱ አንድ ወንድም ጽፎልኛል። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቷል። ፒክአፕ የሚባለው የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔትና ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ነው። ድሮ ኔኩ ላይ፣ ማለትም በአንገቱ በኩል፣ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ኮይል ፒክአፕ) ነበረ፤ የቀድሞው ባለቤት እንጨቱን አስፈልፍሎ ሀምበከር (ባለ ሁለት ኮይል) አስገብቶበታል። ብሪጁ ላይ፣ ክሩ በሚታሰርበት በታች በኩል፣ ያለው ከመጀመሪያውም ሀምበከር ነው። ኔኩን ለብቻው ሲጫወት ድምፁ ይደፍናል፤ ትዝታ ሲጫወት ኖታው ከኖታ አይለይም። የፒክአፕ መራጩን መሃል ላይ አድርጎ ሁለቱን አብሮ ሲያሠራቸው ደግሞ ድምፁ ይቀጥንና በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። ስለዚህ 15 ኪሎ ኦም የሚል «ኃይለኛ» ፒክአፕ ሊገዛ ነው፤ የቱን ልግዛ ይለኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ፣ «ማይክ ላይ ስዘፍን አንዳንዴ ከንፈሬን ይነዝረኛል» ብሎ ጣል አድርጓል።

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እሱ የድምፅ ጉዳይ አይደለም፣ የነፍስ ጉዳይ ነው። የጊታርህ ክር በብሪጁ በኩል ከአምፑ ቆርቆሮ ጋር የተገናኘ ነው። አምፑ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ከሌለው፣ ያፈተለከው ከረንት በእጅህ ገብቶ በከንፈርህ ይወጣል። በኛ ሰፈር ሶኬቱ የኤርዝ እግር ኖሮት ከኋላው ሽቦ የሌለው ቤት ሞልቷል። ዲቫይደሩም እንደዚያው፤ መልኩ ባለ ኤርዝ፣ ውስጡ ሁለት ሽቦ። አምፑን አብርተህ፣ ጊታሩን ወንበር ላይ አስቀምጠህ፣ በእጅህ ሳትነካው ክሩን በፌዝ መሞከሪያ ካቻቢቴ ሞክር። ከበራ ኤሌክትሪሺያን ሳታስገባ አትጫወት። ባይበራም ኤርዝ አለ ማለት አይደለም፤ አስለካው። በ30 ሚሊ አምፒር የሚወርድ ብሬከርም አስገባ። የብሪጁን ግራውንድ (ክሩን ከአምፑ ቆርቆሮ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ) ቁረጠው የሚልህ ሰው ካለ አትስማው።

አሁን ወደ ጊታሩ። ሳላየው የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ ፈልፋይ ሀምበከሩን ሲያስገባ የድሮዎቹን ፖቶች (ቮሉምና ቶን የሚዞሩባቸውን) አልቀየረም። ሲንግል ኮይል ያለው ጊታር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በ250 ኪሎ ኦም ፖት ነው። ሀምበከር 500 ይፈልጋል። ፖቱ ሲያንስ የላይኛው ድምፅ ወደ ግራውንድ ይፈስሳል፤ ሀምበከሩም ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ሽቦውን ገልብጦ በይዶታል። ኔክና ብሪጅ ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው ሲሆኑ ድምፁ የሚቀጥነው ፌዛቸው ሲቃረን ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ሁለተኛውን ሳትፈታ መፈተሽ ትችላለህ። ገመዱን ከአምፑ ነቅለህ የጊታሩ ጫፍ እንደተሰካ ይቆይ። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርገህ ሌላውን ጫፍ ለካ። ቮሉሙ ሙሉ ይሁን፣ መራጩ ኔክ ላይ። 7 ወይም 8 አካባቢ ካየህ ኮይሎቹ ደህና ናቸው፤ 4 ካየህ ግማሹ አይሠራም። አሁን ካቻቢቴውን ፒክአፑ ላይ ለጠፍ አድርገህ ባንዴ አንሳው። ቁጥሩ ለቅጽበት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የቱ እንደሆነ ያዝ። ብሪጁ ላይ ድገመው። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ፣ አገኘኸው።

ከኔኩ የሚወጣው አራት ሽቦና አንድ ራቁት ከሆነ ማስተካከሉ ቀላል ነው። ሆቱን (ድምፁን የሚያወጣውን ሽቦ) እና የግራውንዱን ባለ ቀለም ሽቦ ታቀያይራለህ፤ ራቁቱ ሁልጊዜ ግራውንድ ላይ ይቆያል። በጥልፍ ሽቦ የተሸፈነ ባለ አንድ መስመር ከሆነ ግን አትገልብጠው። የብረት ክዳኑ ሆት ይሆንና በነካኸው ቁጥር ይጮኻል። እዚያ ላይ የሚገለበጠው ማግኔቱ ነው።

ስለ ቀለሙም ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲይሞር ደንከን ላይ ሆቱ ጥቁር ነው፣ ቀይና ነጩ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ዲማርዚዮ ላይ ሆቱ ቀይ ነው፣ የሚታሰሩት ጥቁርና ነጩ ናቸው። «ቀይ ያው ቀይ ነው» ብሎ የሚበይድ ሰው እጅ ያለፈ ጊታር ስንቱ መጥቶልኛል! ስታኞው እንደ ጠጠር ተድቦልብሎ፣ ከላዩ ፕላስተር ተጠቅልሎበት።

አሁን ስለዚያ 15 ኪሎ ኦም። ይህን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ታገሰኝ። ኪሎ ኦም ጉልበት አይደለም። የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት ብቻ ነው የሚነግርህ። በቁጥር 42 ሽቦ ተጠቅልሎ 8 የሚለካ ኮይል፣ ዙሩ ሳይጨምር በቁጥር 43 ቢጠቀለል ወደ 10 ይጠጋል፤ ሽቦው ቀጠነ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ሙቀትም ያስለውጠዋል። ጠዋት በ20 ዲግሪ 8 ያለህ ፒክአፕ፣ በ30 ዲግሪ 8.3 ይልሃል። በነጥብ ሦስት «በረታ» ልትል ነው? ዙሩ በእውነት ከበዛ ደግሞ መሃለኛው ድምፅ ይወፍራል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ኮይሉ ከገመድህ ጋር ተደምሮ አንድ የሚጮህበት ከፍታ አለው፤ ዙር በጨመርክ ቁጥር ያ ከፍታ ዝቅ ይላል። ገመድህ ረጅም ሲሆንም ያው ነው። ለብሪጅ ይህ ይጠቅማል፣ ክሩ እዚያ እምብዛም አይንቀሳቀስምና። ስድስተኛውን ክር ምታውና ጎንበስ ብለህ እይ፤ ብሪጁ አጠገብ የቆመ ይመስላል፣ ኔኩ ላይ ግን ሰፍቶ ይወዛወዛል። ኔክ ጉልበት ሞልቶታል፤ የጎደለው ጥራት ነው። በፈረንጆቹ 1957 አካባቢ ጊብሰን ጊታሮቹ ላይ የገጠማቸው የመጀመሪያዎቹ ሀምበከሮች አብዛኞቹ ከ7 እስከ 9 ነበሩ። ዛሬም ሰው የሚያሳድደው እነሱን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፖቶቹን ቀይር። A500K የሚል ግዛ፣ ግን ጽሑፉን አትመን። ርካሾቹ 500 ተጽፎባቸው 350 ሲለኩ አይቻለሁ። ቴስተርህን ይዘህ ሱቅ ሂድና ሁለቱን ዳር እግሮች ለካ፤ ከ450 በታች ከሆነ መልስለት። ባለ ሱቁ ይነጫነጭ። ቶኑ ላይ ያለው ካፓሲተር 0.047 ማይክሮ ፋራድ ከሆነም በ0.022 ለውጠው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ፒክአፕ ካማረህ፣ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ ባለ አራት ሽቦ፣ ማግኔቱ አልኒኮ 5 የሆነ ውሰድ። አልኒኮ 2 ለስላሳ ነው፣ ለብቻ ሲጫወቱት ያምራል፤ ቤዙ ግን ላላ ይላል። አንተ ከቤዝ ጊታርና ከኪቦርድ ጋር የምትጫወት ከሆነ ይዋጥብሃል። የደንከን 59 እና ጃዝ የሚባሉት የኔክ ፒክአፖች ሁለቱም አልኒኮ 5 ናቸው፣ ሁለቱም ከ8 በታች ይለካሉ። የውሸት ማርክ የተለጠፈበት ስለሚበዛ ከውጭ የሚያመጣልህ ሰው ካለ ይሻላል። ከማዘዝህ በፊት ከአንደኛው ክር እስከ ስድስተኛው ያለውን ስፋት የኔክ ፒክአፑ ባለበት ቦታ በማስመሪያ ለካ። የኔክ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 53 የሆነው ለብሪጅ ነው።

ስትገጥመው ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ በወፍራሙ በኩል 2.5፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። ከዚያ በጆሮህ አስተካክል። ከደፈነ ዝቅ አድርገው እንጂ ከፍ አታድርገው። ስትበይድ ጊታሩ ከአምፑ ይነቀል።

ካልሆነልህ ሁለቱ ፖቶች ስንት እንደለኩ ጻፍልኝና እንየዋለን። ኤርዙን ግን የእኔን መልስ ሳትጠብቅ፣ ዛሬውኑ አስለካው።