ጫጩት ነው ወይስ ድንክ ጉጉት?

ጥያቄ፦ ሳፋሪ ሄጄ የሁለት ጉጉቶች ፎቶ አነሳሁ። አንዱ ትልቅና ግራጫ ነው፣ አናቱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አለው። ሌላው በጣም ትንሽ ነው፤ አስጎብኚው «ኦውሌት» አለው። ከፎቶዎቹ ስር «ወጣት ጉጉት» ልበል፣ «የጉጉት ግልገል» ወይስ «የጉጉት ጫጩት»?

መልስ፦ «ወጣት ጉጉት»ን ይተዉት። ወጣት የምንለው ሰውን ነው። ደግሞም ወፉ ጉጉትና የልብ ጉጉት አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ «የወጣት ጉጉት ፎቶ» ብለው ቢጽፉ አንባቢው አንድ የጓጓ ልጅ ፊት ሊያይ ይጠብቃል። ግልገልም አይሆንም፤ ግልገል ሲባል ቶሎ የሚታየን በግና ፍየል ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፦ ላም ጥጃ አላት፣ አህያ ውርንጭላ፣ ውሻ ቡችላ፣ አንበሳ ደቦል። የወፍ ልጅ ጫጩት ነው፣ የጉጉትም እንዲሁ።

ግን ከቃሉ በፊት ወፉን ደህና አድርገው ይዩት። «ኦውሌት» በእንግሊዝኛ ሁለት ነገር ነው። የጉጉት ጫጩትም ይባልበታል፣ በተፈጥሯቸው ትናንሽ የሆኑ የጉጉት ዝርያዎችም ይጠሩበታል። ለምሳሌ አፍሪካ ውስጥ ያለው ፐርል ስፖትድ ኦውሌት ሙሉ በሙሉ አድጎም ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀን ቀንም ይታያል፤ ማጅራቱ ላይ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ምልክቶች አሉት። የእርስዎ ትንሹ ወፍ እነዚህ ምልክቶች ካሉትና ላባው የተስተካከለ ከሆነ ጫጩት አይበሉት፤ እሱ ራሱ ጫጩት አሳድጎ ሊሆን ይችላል። ድንክ ፈረስ እንደምንለው «ድንክ ጉጉት» ቢሉት ያምርበታል።

የግራጫው ትልቅነት ደግሞ እንዳያሳስትዎ። የጉጉት ልጅ ገና መብረር ሳይችል ቁመናው ወላጆቹን ሊጠጋ ይችላል። የሚለየው በዚያ ጥጥ በመሰለው ላባና በአጭር ጅራቱ ነው። የዓይኑ ቆብ ሮዝ ከሆነ የቬሮ ጉጉት ነው፣ ከአፍሪካ ጉጉቶች በግዝፈቱ የሚታወቀው። ከጎጆ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠ እንዲህ ላለው ወፍ «ጫጩት» ትንሽ ያንስበታል። ዶሮ ብትሆን ቄብ እንላት ነበር፤ ቄብ ግን የዶሮ ብቻ ነው። እኔ ብሆን «ክንፉ ያልጠና ጉጉት» ብዬ እጽፋለሁ።