የጥንት ጂን በዛሬ ባክቴሪያ ውስጥ፦ «ለማስተርስ ጥናቴ ልምረጠው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ

«ዲኤንኤ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የሚበሰብስ ከሆነ፣ የጥንት ጂን በሕያው ባክቴሪያ ውስጥ ሞከርን የሚሉት ምኑን ነው? ለማስተርስ ጥናቴስ ልምረጠው?» ብለህ ጠይቀሃል። በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት ስላሳለፍኩ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። ርዕሱን ስለምወደው ካረዘምኩ ታገሠኝ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥርጣሬህ ትክክል ነው። እስካሁን ከተነበቡት ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው ከግሪንላንድ አፈር የተገኘው ዲኤንኤ ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ጂን ተቆፍሮ አይወጣም፤ ከዛሬዎቹ ተነሥቶ ወደ ኋላ በስሌት ይገኛል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ዋናው ቅጂ ቢጠፋ እንኳ በየገዳሙ የተበተኑትን ግልባጮች ያስተያያሉ፤ ጥቂቶቹ አንድ ዓይነት ግድፈት ከተጋሩ ከአንድ እናት ቅጂ እንደተገለበጡ ያውቃሉ። እኛም የአንድን ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) ቅደም ተከተል ከብዙ ባክቴሪያዎች ሰብስበን ጎን ለጎን እንደረድራለን፤ የዘር ሐረጉን እንሠራለን፤ ከዚያም ሐረጉ በሚገናኝበት ቦታ ላይ የትኛው አሚኖ አሲድ እንደነበረ በፕሮባቢሊቲ እናሰላለን። ሐሳቡን ሊነስ ፖውሊንግና ኤሚል ዙከርካንድል የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1963 አቅርበውታል፤ ወደ ተግባር የተሸጋገረው ግን ጂን በኬሚስትሪ ማምረት ከተቻለ በኋላ ነው።

ስሌቱ ሁልጊዜ እርግጠኛ መልስ አይሰጥም። በአንዳንድ ቦታ አንዱ አሚኖ አሲድ 0.99 ያገኛል፤ በሌላው ቦታ ሁለቱ 0.5 ለ0.4 ይፎካከራሉ። በእኔ ልምድ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ቅደም ተከተሉ በአንዳንድ ዝርያዎች ረዝሞ በሌሎቹ ያጠረበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ፕሮግራሙን ሳያምኑ በዓይን ማየት ግድ ነው። ስለዚህ አንድ «አባት» ብቻ አትሥራ። አጠራጣሪዎቹን ቦታዎች ሁሉ በሁለተኛው ምርጫ የተካህበትን ቅጂም ሠርተህ አብረህ ሞክር። ሁለቱ አንድ ዓይነት ጠባይ ካሳዩ ውጤትህ በግምት ላይ የተንጠለጠለ አይሆንም።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ልምጣ። ተመራማሪዋ ቤቱል ካቻርና ባልደረቦቿ በ2017 ያሳተሙትን ሥራ ደጋግመህ አንብበው። የወሰዱት ኢኤፍ-ቱ የተባለውን ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የተሸከመውን ቲአርኤንኤ የተባለ ሞለኪውል ወደ ራይቦዞም፣ ማለትም ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሴሉ ክፍል፣ የሚያደርስ ነው፤ ያለ እርሱ ሴሉ ምንም ፕሮቲን መሥራት አይችልም። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ለዚህ ፕሮቲን ሁለት ጂኖች አሉት። ተመራማሪዎቹ አንዱን አጥፍተው በሌላው ቦታ 700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው የተገመተውን ቅድመ አያት ተኩ። ባክቴሪያው አልሞተም፤ ብቃቱ (የመራባት አቅሙ) ግን በግማሽ ያህል ወረደ። ከዚያ ለ2000 ትውልድ አሳደጉት። ብዙ ሰው ጥንታዊው ጂን ራሱ እየተለወጠ ዘመናዊውን ይመስላል ብሎ ይጠብቃል። የታየው ግን ሌላ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ጉዳቱን ያካካሱት በከፊል ያንኑ ጥንታዊ ፕሮቲን በብዛት በማምረት ነው። መጀመሪያም ያዳከማቸው በዋናነት የፕሮቲኑ መጠን ማነስ ነበር።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ባክቴሪያህ ቀስ ብሎ ስላደገ «ጂኑ ጥንታዊ ስለሆነ ነው» ማለት አትችልም። ስሌቱ የሚሰጥህ የአሚኖ አሲዶችን ቅደም ተከተል ነው። በዚያ ርቀት ላይ ኮዶኖቹን (እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ የሚያመለክቱትን ባለሦስት ፊደል የዲኤንኤ ቃላት) የምትመርጠው አንተ ነህ፤ የፕሮቲኑ መጠን ደግሞ በምርጫህ ሊለዋወጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ጂኑ ለዚያ ሴል ባዕድ ነው። ባዕድነትና ጥንታዊነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ከቅድመ አያቱ ጋር በርቀት የሚዛመድ የሌላ ዘመናዊ ባክቴሪያ ጂን በዚያው ቦታ አስገባ፤ የሁለቱንም ፕሮቲን መጠን ለካ። ይህ ማወዳደሪያ የሌለው ጥናት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

የየዕለቱ ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ጠዋት የደፈረሰውን ጠርሙስ ከማሞቂያው ታወጣለህ፣ ከመቶ አንዱን እጅ ወደ አዲስ ንጹሕ ፈሳሽ ታሸጋግራለህ፣ መልሰህ ታስገባለህ። መቶ እጥፍ ለማደግ ባክቴሪያው 6.6 ጊዜ ያህል መባዛት አለበት፤ ስለዚህ 2000 ትውልድ ማለት 300 ቀን ገደማ ነው፤ እሑድም በዓልም የለውም። የባዮሎጂ ተመራማሪው ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 በ12 ጠርሙሶች የጀመረው ዝነኛ ሙከራም በዚህ መንገድ የሚካሄድ ነው። በየጊዜው ባክቴሪያውን ግሊሰሮል ከተባለው፣ ሴሎቹን ከቅዝቃዜ ጉዳት ከሚጠብቅ ፈሳሽ ጋር ቀላቅለህ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ታስቀምጣለህ፤ በኋላ ቀልጦ ሲነሣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጠርሙስ ይወዳደራሉ። ለዚህ መብራት የማይቋረጥበት ማቀዝቀዣ ያስፈልግሃል። ዩኒቨርሲቲህ አስተማማኝ ጄኔሬተር ከሌለው ይህን ክፍል አትጀምረው።

ለማስተርስ ከሆነ በግራናዳ ዩኒቨርሲቲ የሆሴ ማኑኤል ሳንቼዝ ሩይዝ ቡድን የሠራውን ዓይነት አጭር ጥያቄ እመክርሃለሁ። ቲ7 የተባለው ቫይረስ የራሱን ዲኤንኤ ለማባዛት የኢ. ኮላይን ቲዮሬዶክሲን የተባለ ፕሮቲን ይዋሳል። ቡድኑ የዘመናዊውን ቦታ ጥንታዊ ቲዮሬዶክሲን እንዲይዝ ሲያደርግ ሴሉ መሥራቱን ቀጠለ፤ ቫይረሱ ግን ሊጠቀምበት አልቻለም። ውጤቱን ለማየት ዓመት መጠበቅ አያሻም፤ ቫይረሱ ባክቴሪያውን የበላበት ክብ ቀዳዳ በፔትሪ ዲሹ ላይ በማግስቱ ይታያል ወይም አይታይም።

ስለዚህ ምረጠው፤ ነገር ግን በኮምፒውተሩ ክፍል ጀምር። ቅደም ተከተሎቹ በነፃ ይገኛሉ፤ ለአንድ ፕሮቲን የሚሆነውን ስሌት ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል። ጂኑን ለማስመረት ገንዘብ የምታወጣው ሐረግህ ካስተማመነህ በኋላ ይሁን። ያሰብከውን ፕሮቲንና የደረደርከውን ቅደም ተከተል እዚሁ ለጥፈው፤ አጠራጣሪዎቹን ቦታዎች አብረን እናያቸዋለን።